ከባቡሩ የቀደመ መርዶ

ባቡር መንዳት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እኔ የማልችለውን ነገር ስትፈልጉ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። የቀረውን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ ራሴን አስተምሬዋለሁ። ፍሪጅ መጠገን የተማርኩት ከተበላሸ ፍሪጅ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት አየር ማረፊያው አጠገብ በሚገኝ መጋዘን ስሠራ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። ስለዚህ ዛሬም ድረስ «በጥንቃቄ ያዝ» እና «ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚሉትን እንደ እኔ አሳምሮ የሚናገር ሐበሻ ዳላስ ውስጥ የለም። ዋናም ተምሬያለሁ። ገና ውሃ ውስጥ አልገባሁም እንጂ በእጅና በእግሩ በኩል የቀረኝ ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ሰው እናቱን በባቡር ሦስት ከተማ ላዙር ብሎ ሲነሳ ምን ሊበላሽ ይችላል? ምንም። ደግሞም ምንም አልተበላሸም። ሰዎች ሌላ ሲያወሩ ትሰሙ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ራሴ የምጽፈው።

ነገሩ የተጀመረው ከዳላስ አጠገብ ባለችው ሪቻርድሰን ነው። ልጄ ሜሮን እዚያ ስለምትሠራ ጣቢያውን ታውቀዋለች። የእረፍት ቀኗን ጠብቀን እናቴን፣ ወይዘሮ የሺን፣ የከተማውን ባቡር አሳፈርናትና ወደ ዳላስ መሀል ወረድን። ስንወርድ እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ ከእኛ ማዶ፣ ሌላ ባቡር ቆሟል። እንደኛው ዓይነት የከተማ ለከተማ አይደለም፤ ባለ ፎቅ ነው፣ ርዝመቱም መጨረሻው አይታይም። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች።

«ያኛው የት ነው የሚሄደው?» አለች።

ሜሮን ስልኳን አየችና «ቺካጎ፣ አያቴ» አለቻት።

«ይልማ ያለበት ቺካጎ?»

«አዎ። ያው አንድ ቺካጎ ነው ያለው።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ሳክሲ፣ ቤታችን፣ እስክንደርስ አልተናገረችም። እናቴ የማትናገርባት ሰዓት ደግሞ ብዙ የለችም።

ይልማ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የእኔ አጎት። ሁለቱ ሞጆ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው ያደጉት። ባቡሩን ከነፉጨቱ ያውቁታል፤ እናቴ ግን አንድም ቀን አልተሳፈረችበትም። አጎቴ ገና ጢም ሳያበቅሉ ሥራ አግኝተው ወደ ድሬዳዋ በባቡር ሲሄዱ እሷ ናት የሸኘቻቸው። እሳቸው መስኮት ይዘው ተቀመጡ፣ እሷ ከታች ቆመች። ከዚያ በኋላ ትዳሩ፣ ልጁ፣ ዘመኑ፣ በመጨረሻም አሜሪካው መጣ። እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህም አልተያዩም። እሷ ከአዲስ አበባ ካመጣት አውሮፕላን ስትወርድ፣ ሁለተኛ ሰማይ የምወጣው በነፍሴ ብቻ ነው ብላ ምላለች። አጎቴ ደግሞ ጉልበታቸው። ጉልበቴ ይሻለኝና እመጣለሁ፣ ፋሲካ ይለፍና እመጣለሁ፣ ብርዱ ይውጣና እመጣለሁ። በየእሁዱ በስልክ ይህን ይነጋገራሉ፤ ስልኩን ስትዘጋ እናቴ ለማንም ያልሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ «ሳንተያይ እንዳንቀር።»

ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ሰማንያን የተሻገሩ፣ አንዷ በመሐላ አንዱ በጉልበት የታሰሩ። እና በመሀላቸው የተዘረጋ ሐዲድ። ይህን ለማየት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ እኔን መሆን ይበቃል።

ዕቅዱን በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ላይ ጨረስኩት። ከዳላስ ሴንት ሉዊስ፣ ወርዶ ማረፍ፤ ከሴንት ሉዊስ ቺካጎ፣ አጎቴ ቤት መክረም፤ ከቺካጎ ሚልዋኪ። ሚልዋኪ ማንም የለንም። ሁለት ከተማ ጉዞ ነው፣ ሦስት ከተማ ሽርሽር ነው ብዬ የጨመርኳት ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምስጢር መሆኑ ነበር። ለእናቴ ብነግራት ለየከተማው በርበሬ ማስፈጨት ልትጀምር ነው። ሚልዋኪ ሰው የለንም ብላት ለሚልዋኪም ታስፈጫለች። ከዚያ ደግሞ ለአጎቴ ትነግራለች፤ አጎቴ ይደነግጣሉ፣ አትድከሚ እኔው እመጣለሁ ይላሉ፣ ፋሲካ ይለፍ ይላሉ። የተነገረ ዕቅድ እንደተከፈተ ለስላሳ ነው፤ ጋዙ ይወጣል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ዱብ ዕዳ እንዲሆን ወሰንኩ። ዱብ ዕዳ ደስታ ማለቴ ነው።

ሜሮን ይህን ስትሰማ፣ «ባባ፣ ቲኬቱን ኦንላይን አሁኑኑ ቡክ አደርግልሃለሁ። ማለቴ፣ ለምን ስቴሽን ድረስ ትነዳለህ?» አለችኝ። በእጄ ያልጨበጥኩትን ነገር አልሳፈርም አልኳት። እንደገና ደግሞ፣ ለምን ለአያቴ አንነግራትም፣ ትልልቅ ሰዎች ሰርፕራይዝ አይወዱም አለች። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እወዳለሁ አልኳት። የልደት ቀኔን የረሳች መስላ ድንገት ስታከብርልኝ ያኮረፍኩበትን ዓመት አስታወሰችኝ፤ ያ ሌላ ነው።

ቺካጎ ለአጎቴ ልጅ ለገነት ደወልኩ። የምደውለው ጋራዥ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮት ዘግቼ ነው። ገነት ልቧ ለአባቷ ስስ ስለሆነ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አልነገርኳትም፤ ፊቷ ያወጣዋል። የነገርኳት የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ እመጣለሁ፤ ለአባትሽ በስልክ የማይነገር ነገር አለኝ፤ እስከዚያ ምንም አታሳውቂያቸው አልኳት። ደስታውም ቢሆን ድንገት ሲመጣ ልብ ስለሚጎዳ፣ የደም ግፊታቸው እንዴት ነው፣ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። በደንብ ይብሉ አልኩ። በዚያን ዕለትም ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ የሚወዷቸው አንድ ሁለት ሰዎች አጠገባቸው ቢኖሩ ጥሩ ነው አልኩ።

ገነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አክስቴ እሁድ ለምን ስልክ አላነሳችም?» አለችኝ።

ያላነሳችው ስልኳን እኔ ስለደበቅኩት ነው። እሁድ ሲያወሩ የቤቱን ሽር ጉድ ነግራቸው እንዳይጠረጥሩ፣ ስልኳ ተበላሽቷል፣ እየጠገንኩት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ይህን ለገነት ማስረዳት ግን ምስጢሩን ማውጣት ነው።

«ተይኝ ገነት» አልኳት፤ «ስንገናኝ ሁሉን እነግርሻለሁ። አንቺ ብቻ በርቺ።»

እናንተ ብልሆች ስለሆናችሁ አሁን እጃችሁን አገጫችሁ ላይ ጭናችኋል። እኔም ዛሬ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያንን ቃል በቃል ሌላ ሰው ቢለኝ ነጠላ እፈልግ ነበር። ያን ቀን ግን ባቡሩን እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ትልቅ ዕቅድ ያለው ሰው ትንንሽ ነገር አይታየውም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። እናቴን ለመንገድ ማዘጋጀት ነበረብኝ፣ መንገደኛ መሆኗን ሳታውቅ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እኔ ግን ተወጣሁት። ሐኪም ቤት ወስጄ የደም ግፊቷንና ልቧን አስመረመርኩ። ምን አሞኝ ነው ስትለኝ፣ ምንም አይደል፣ ጠንካራ መሆንሽን ማወቅ አለብኝ አልኳት። የባቡር ውስጥ ኤሲ አጥንት ይነካል ስላሉኝ ወፍራም ሹራብ፣ ሻርፕና ጫማ ገዛሁላት፤ ሁሉንም ጥቁር። ጥቁር የመረጥኩት የመንገድ እድፍ ስለማያሳይ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ሰሞኑን ያስፈልግሻል አልኳት። ገበታ ላይ ደግሞ፣ ብዪ እማዬ፣ ጉልበት ያሻሻል እያልኩ አጎርሳታለሁ። እኔ በጤናዬ ሰው አጉርሼ አላውቅም።

የባቡር መነቃነቅ ትችል እንደሆነ ለማወቅም አንድ መላ ፈጠርኩ። ወንበሯን ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጋር አስጠግቼ አሰርኩና፣ ሁለት ብርድ ልብስ ከትቼ ማሽኑ መጭመቅ ሲጀምር አስቀመጥኳት። ከነወንበሯ እየተንቀጠቀጠች «የምወደው ሰው ሲርቀኝ አንተ ቅረበኝ» እያለች ትጸልያለች። ባቡሩን ትችለዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ እንደነገረችኝ ግን እሷ የደመደመችው፣ ልጄ ሐዘኑን ብቻውን ይዞ ጭንቅላቱ ተነካ ብላ ነው።

አዎ፤ እናቴ ከልብስ ማጠቢያው በፊት ነው ነገሩ የገባት። ማለቴ የመሰላት። ስልኳ ተወሰደ፣ ልጅዋ ጋራዥ እየገባ ያንሾካሹካል፣ እሷ ስትመጣ ወሬ ይቆማል፣ ልቧ ተመረመረ፣ ጥቁር ተገዛላት፣ ብዪ ተባለች። የእኛ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ አለ። የቅርብ ሰው ሞቷል፤ ለእሷ የሚነገርበት ጠዋት እየተፈለገ ነው።

እና ማን ይሆን? ጠየቀችኝ እኮ። ሳህን እያጠብኩ ከኋላዬ መጣችና፣ «ይልማ ደህና ነው?» አለች።

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። «ስለ ይልማ አሁን አትጠይቂኝ» አልኳት፤ «ሐሙስ ጠዋት ታውቂያለሽ።»

ወደ ክፍሏ ሄደች። ተዋናይነትም ራሴን አስተምሬያለሁ ማለት ነው ብዬ ሳህኔን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ እድሩ ገባ። እናቴ የቤተ ክርስቲያን ወዳጇን ወይዘሮ አልማዝን ጠርታ በር ዘግተው ተመካከሩ። ወይዘሮ አልማዝ ወሬ ይዛ የምታድር ሴት አይደለችም፤ በማግስቱ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ በላይ ጋ ደረሰ። ጉዳዩ አቶ በላይን ጨርሶ አላስገረማቸውም። ምክንያቱም እኔ ራሴ ቀደም ብዬ ደውዬላቸው፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሦስት አራት ሽማግሌ ይዘው ቤቴ እንዲመጡልኝ ለምኛቸዋለሁ። እኔ የፈለግኳቸው መንገዳችንን እንዲመርቁልን ነው። እናቴ እንዳትሰማ ግን ምክንያቱን አልተናገርኩም። ስንት መኪና ይበቃል ቢሉኝ፣ ሁለት ይበቃል፣ እቃም ስላለ ሰፊ ቢሆን ጥሩ ነው አልኩ። አይዞህ ጠንክር አሉኝ። ሩቅ መንገድ እንደሆነ ሰምተዋል ብዬ አመሰገንኳቸው።

ለምን ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ ላስረዳ፤ ሜሮንም እስክትደክም ጠይቃኛለች። ባቡሩ የሚነሳው ከምሳ በኋላ ነው። ከሳክሲ ዳላስ መሀል ደግሞ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን እኔ ያደግኩበት አገር መንገደኛ የሚነሳው ዶሮ ሳይጮህ ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚነሳ መንገደኛ መንገደኛ ሳይሆን ያረፈደ ሰው ነው። ሜሮን ስድስት ሰዓት ሙሉ ጣቢያ ተቀምጠን ምን እንሠራለን አለች። ባቡሩን እንጠብቀዋለን አልኳት። እሱ ከሚጠብቀን ይሻላል።

መርዶም የሚነገረው በዚያው ሰዓት መሆኑ አልታወሰኝም። ለዕቅዴ እንከን የሚፈልግ ካለ ይህችን አንድ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ እሷም የእኔ ሳትሆን የባህሉ ናት።

ረቡዕ ማታ ወይዘሮ አልማዝ ትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅላ አመጣች። ስንዴው ከሽምብራው ጋር እንዴት አምሯል! ለመንገድ ስንቅ ከዚህ የተሻለ የለም፤ አይፈስም፣ አይበላሽም። ሰዉ ሁሉ ምስጢሩን ሳይነገረው ለእናቴ ጉዞ እንዲህ መነሳሳቱ ልቤን ነካው። እንግዲህ በሐበሻ አገር ንፍሮ በድስት የሚቀቀለው ለምን እንደሆነ ማንም ሊያስታውሰኝ ይችል ነበር። ማንም አላስታወሰኝም።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሻንጣዎቹን ይዤ ሳሎን ስወጣ እናቴ ተነስታ፣ ለብሳ ተቀምጣለች። ከራስ እስከ እግር የገዛሁላትን ጥቁር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። የገዛሁት ልክ ሆነላት ብዬ ደስ አለኝ። ከውጭ መኪናዎች ቆሙ። ሁለት አልኩ እንጂ ስምንት ናቸው። አቶ በላይ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ፣ ማንም ሰላምታ አልሰጠም፣ ሁሉም በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። በመስኮት ስመለከት ጎረምሶች ከፒካፕ ላይ የእድሩን ድንኳን እያወረዱ ሣሬ ላይ ይዘረጋሉ። ከፊት ለፊት ያለው አሜሪካዊ ጎረቤታችን በሌሊት ልብሱ ወጥቶ ምንድነው ብሎ ሜሮንን ጠየቃት። አባቴ ለትሪፕ እየሄደ ነው ብላ ነገረችው። ድንኳኑን አየ፣ ስምንቱን መኪና አየ፣ መልካም መንገድ ብሎ ገባ።

ሳሎን ውስጥ ሁሉም እኔን ያያሉ። ድንኳኑ ትንሽ ግር ቢለኝም የክብር ሽኝት ይሆናል አልኩ፤ ሰው ሲከበር ለምን ብሎ አይጠይቅም።

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «በል ንገረኝ ልጄ» አለች፤ «ችዬ ነው የተቀመጥኩት።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ለዚህች ደቂቃ ስንት ሰዓት መስተዋት ፊት እንደቆምኩ እግዜር ያውቃል። «እማዬ» አልኩ፤ «ዛሬ ወደ ይልማ ነው የምንሄደው።»

ወይዘሮ አልማዝ ቀድማ ጮኸች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተቀበላት። እናቴ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ የእውነት ነው የምላችሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ የደስታ ለቅሶ መስሎኝ እኔም ዓይኔን ጠረግኩ። በዕድሜዬ ሰውን እንዲህ ያስደሰትኩበት ቀን አልነበረም።

«ባባ» አለችኝ ሜሮን ክንዴን ይዛ፤ «አያቴ እኮ አንክል ይልማ ሞተ ብላ ነው የምታለቅሰው።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር፣ ሹራቡም ንፍሮውም ድንኳኑም፣ በአንድ ጊዜ ራሴ ላይ የወደቀው። ወደ መሀል ገብቼ አልሞቱም አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደጋግሜ ሳስረዳ አቶ በላይ ትከሻዬን ይዘው፣ «አሁንማ ተው፤ ደህና ነው፣ ታሟል እያሉ ማዘግየት ካለፈ በኋላ አይጠቅምም» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኛ አገር «አልሞተም» የሚባለው ለሞተ ሰው ብቻ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ማን እንዲህ ይላል?

ምስክር ያስፈልጋል ብዬ ስልኬን አውጥቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአጎቴ ደወልኩ። ሰዉ ለመስማት ተጠጋ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እንደገና። አሁን ጭራሽ ዝግ ነው። ለገነት ደወልኩ፤ የእሷም ዝግ ነው። ገነት ሌሊት ሥራ ላይ ሆና እንኳ ስልኳን የማትዘጋ ልጅ ናት።

ለቅሶው ቀለጠ። እኔ ስልኩን ይዤ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ራሴን ብዙ ነገር አስተምሬያለሁ፤ አጎቴ እውነት ሞተው ቢሆንስ የሚለውን ግን እንዴት እንደሚታሰብ አላውቅም ነበር። እናቴን አየኋት። ጩኸቷን አቁማ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል ለመስማት መቅረብ አላስፈለገኝም። በየእሁዱ የምትለዋን ናት።

ፀሐይ የጎረቤትን ጣሪያ እስክታልፍ እንዲሁ ቆየን።

ታክሲ ሲቆም ያየው ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው ነው። በሩ ተከፈተና ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ነጠላ በላዩ ያጣፉ ሽማግሌ ወጡ። ድንኳኑን አዩ። ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ አዩ። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «እቴትዬን! እናቴን! ሳላይሽ!» እያሉ ሣሩን አቋርጠው ሮጡ። ሮጡ ነው የምላችሁ፤ ያ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ያልታጠፈ ጉልበት። ከኋላቸው ገነት የራሷን ሻንጣና የአባቷን ከዘራ ይዛ ልትደርስባቸው አልቻለችም።

ከቺካጎ ወገን የሆነው ይህ ነው፤ ገነት የእኔን ስልክ ሰምታ ሽማግሌ ሰበሰበች። ሽማግሌዎቹ እኔ እስክመጣ ቢጠበቅ ቀብሩ ያልፋል ብለው በእኔ ፋንታ መርዶውን ነገሯቸው፤ እህትህ የሺ አረፈች ብለው። በሐሙስ ማለዳ አውሮፕላን ተነሱ፤ ስልካቸው የተዘጋውም ለዚህ ነው። አስቀድመው አልደወሉም፤ ለቅሶ ቤት በስልክ ቀጠሮ አይያዝም።

እናቴ ከውጭ የለቅሶ ድምፅ ስትሰማ፣ ለወንድሟ የመጣ አልቃሽ መሰላትና እንደ ወጉ ልትቀበል ተነሳች። በሩ ላይ ተገናኙ። እሷ እንባ ጋርዷታል፣ እሳቸው ዓይናቸው ድሮም ከቅርብ አያይም። ተቃቅፈው፣ እሷ «ወንድሜን» እያለች፣ እሳቸው «እህቴን» እያሉ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አንዱ ሌላውን አለቀሱ። አቶ በላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ወይዘሮ አልማዝ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እንዲህ ላለው ነገር ማን ምን ይላል?

ቀድማ የለየችው እናቴ ናት። እጇን አንስታ ፊታቸውን ዳሰሰች፤ ግንባራቸው ላይ ልጅ ሆነው ከሐዲድ ላይ ወድቀው ያተረፉት ጠባሳ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይልማ?»

«እ...» አሉ አጎቴ።

«አልሞትክም?»

«አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው።»

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች እናቴ። ትንሽ አሰበችና ወደ እግራቸው ተመለከተች። «ጉልበትህስ?»

አጎቴ ከዘራቸውን ከገነት ተቀበሉ። እናቴ ግን ጀምራለች። «በሕይወት እያለሁ ፋሲካ ይለፍ፣ ብርዱ ይውጣ ስትል ከርመህ፣ ስሞት ሮጠህ መጣህ?»

«አንቺስ» አሉ አጎቴ እንባቸውን በነጠላ እየጠረጉ፤ «ሳልሞት ጥቁር ገዝተሽ ጠበቅሽኝ?»

«እኔ አልገዛሁም። እሱ ነው የገዛው» አለች እናቴ፤ ወደ እኔ ጠቆመች።

ያን ጊዜ ሳሎኑም ድንኳኑም በአንድ ላይ ወደ እኔ ዞረ። የመጣብኝን ሁሉ አልዘረዝርም። አቶ በላይ በእድሩ ታሪክ ለሁለት ሕያዋን ድንኳን ሲተከል የመጀመሪያው ነው አሉ። ገነት፣ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፣ ሁለተኛ ስልክ አትደውልልኝ አለች። ሜሮን ወጥታ ለጎረቤታችን ለማስረዳት ሞከረች፣ ተመልሳም ምን ብዬ ልንገረው አለችኝ። ወይዘሮ አልማዝ ግን ንፍሮውን ታቀርባለች ወይስ አታቀርብም ተጨንቃ ቆመች። እናቴ አቅርቢው አለቻት፤ የተለቀሰ ተለቅሷል፣ ሰዉ ጾሙን ነው። ያን ንፍሮ እየሳቁ የበሉት ለቅሶኞች አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ አልፎ፣ ተበልቶ፣ ድንኳኑ ታጥፎ፣ ገና ረፋድ ነው። ባቡሩ የሚነሳው ከምሳ በኋላ ነው። በጠዋት መነሳት ሞኝነት ነው ያለችኝ ልጅ የት አለች? ሌላ ሰው የባቡሩን ሰዓት ጠብቆ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ለቅሶውን ሳይጨርስ ባቡሩ ያመልጠው ነበር። እኔ ግን ለቅሶ የሚበቃ ጊዜ ትርፍ ይዤ ነው ያቀድኩት።

ገነት ሥራ ስላለባት በአውሮፕላን ተመለሰች። አጎቴ ግን እናቴ በአውሮፕላን ላይ የማለችውን መሐላ ተጋሩ፤ በማለዳው በረራ መሬት እስኪደርስ ዓይናቸውን አልገለጡም ኖሯል። ሦስተኛ ቲኬት ጣቢያው ላይ ገዛሁ። እናቴ ጥቁሩን አልለውጥም አለች፤ ከገዛኸው አይቀር ብላ። አጎቴም ሌላ ልብስ አልያዙም። ስለዚህ ሁለት አዛውንቶች ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰው፣ ቀሪውን ንፍሮ በፌስታል ይዘው ሲገቡ፣ ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦታ ለቀቀልን። የባቡሩ ሠራተኛ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አዘነልን። አመሰገንኩት። በካርቶን እንግሊዝኛ የማይብራራ ነገር አለ።

አጎቴ መስኮቱን ይዘው ሊቀመጡ ሲሉ እናቴ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረገቻቸው።

«ተነስ» አለች። «ያኔም አንተ ነህ የያዝከው።»

ተነሱ። እናቴ ወደ መስኮቱ ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ማዶ የቆሙትን ሸኚዎች በእጇ ሰላም አለች። ማንም የእኛ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ለሁሉም እጇን አወዛወዘች። ከዚያ ሳትዞር የወንድሟን እጅ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ቴክሳስ እስኪያልቅ አልለቀቀችም። መንቀጥቀጡም ቅንጣት አልረበሻትም፤ የልብስ ማጠቢያው ይበልጣል አለች።

እኔ ከኋላቸው ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ ስለዚያ ጠዋት ያነሱና ይስቃሉ። ይሳቁ። የጉዞው ዓላማ እህትና ወንድም እንዲገናኙ ነበር፤ ቺካጎ ይገናኛሉ ብዬ አቀድኩ፣ ሳክሲ ሣሬ ላይ ተገናኙ። ተሳፋሪውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ ያሰበበት ያደረሰ ሌላ አስጎብኚ የምታውቁ ካላችሁ፣ ስሙን ንገሩኝ።